ስቴም ሴል ምን ያድናል፣ ምን አያድንም? ከጎጃም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደጀን እስከ ዳንግላ ስለ ስቴም ሴል ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው። አንዱ በስልኩ ቪዲዮ አይቷል፣ ሌላው በጎረቤቱ በኩል እንክብል ቀርቦለታል፣ ሦስተኛው ልጁን ውጭ አገር ለማሳከም መሬቱን ሊያከራይ አስቧል። ጥያቄዎቹን እንዳሉ ወስደን መልሰናቸዋል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስቴም ሴል ምንድን ነው? በቀላሉ ንገሩን።

እንጀራ የሚጋገርበትን ቤት አስቡ። ሊጡ ሲቦካ ተሟጦ አይጋገርም፤ ለሚቀጥለው ቡሖ እርሾ ይቀመጣል። ስቴም ሴል፣ በአማርኛው ግንደ ሕዋስ፣ የሰውነት እርሾ ነው። ሲከፈል አንዱ ወገን ሥራ ይዞ ይሄዳል፤ ቀይ የደም ሴል ይሆናል፣ ቆዳ ይሆናል፣ የአንጀት ሽፋን ይሆናል። ሌላው ወገን ለነገ እርሾ ሆኖ ይቀራል። ጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን 200 ቢሊዮን ገደማ ቀይ የደም ሴል ይሠራል፤ አንዱ ቀይ ሴል የሚኖረው 120 ቀን ያህል ብቻ ስለሆነ ደም የሚሠራው የአጥንት መቅኔ አያርፍም። የአንጀት ሽፋንም ከ3 እስከ 5 ባለው ቀን ውስጥ ይታደሳል።

እርሾው ቤት ለቤት ይለያያል። የመቅኔ ስቴም ሴል ደም እንጂ ነርቭ አይሠራም፤ የቆዳው ቆዳ እንጂ ጉበት አይሆንም። ሁሉንም መሆን የሚችለው ገና አምስት ቀን በሞላው ሽል ውስጥ ያለው ሴል ነው። በ2006 ግን ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ የአይጥ ቆዳ ሴል ወስዶ አራት ጂኖች በመጨመር ወደዚያ የመጀመሪያ ጠባዩ መለሰው፤ በ2007 የሰውም ተደገመ። ለዚህ ሥራ በ2012 ከእንግሊዛዊው ጆን ገርደን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። እነዚህ ሴሎች አይፒኤስ ይባላሉ። ከዚህ በታች ስለ ወደፊቱ የምንለው አብዛኛው ነገር የሚመነጨው ከእነሱ ነው።

ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ሰውነት ለምን እንዲያ አይሆንም?

አንዳንዱ አካል ያቆጠቁጣል። ጉበት ተቆርጦ ሲተርፍ መጠኑን መልሶ ይይዛል፤ ይህን የሚያደርገው ግን በአብዛኛው በራሱ በሠራተኛው ሴል መባዛት ነው። ልብና አእምሮ የሞተባቸውን ሴል የመተካት አቅማቸው እጅግ ትንሽ ነው። በልብ ድካም የሞተው ጡንቻ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል፤ ወደ ልብ የመቅኔ ሴል በመርፌ መስጠት ለዓመታት ተሞክሮ እንደተጠበቀው አልጠቀመም።

ታዲያ ዛሬ በእርግጠኝነት የሚያድነው ምንን ነው?

ሦስት ቤት አለው፤ ደም፣ ቆዳና የዓይን ፊት። የደሙ ከሁሉም የቆየና የሰፋ ነው፤ እስከ 2012 መጨረሻ ድረስ በዓለም ከአንድ ሚሊዮን በላይ የደም ስቴም ሴል (የመቅኔ) ንቅለ ተከላ ተሠርቷል። በቆዳ በኩል በ2015 ጀርመን አገር ቦኹም ከተማ ቆዳው እንደ ወረቀት እየተላጠ ሊሞት ለነበረ የሰባት ዓመት ልጅ፣ የራሱ የቆዳ ስቴም ሴል ጂኑ ታርሞ በላቦራቶሪ ተባዝቶ 80 በመቶ የሚሆነው የሰውነቱ ቆዳ ተተካለት፤ ልጁ ትምህርት ቤት ተመልሷል። የዓይኑን ለብቻው እንመጣበታለን፤ ለጎጃም ሰው በጣም የሚቀርበው እሱ ነውና።

የመቅኔ ንቅለ ተከላ እንዴት ይሠራል? ለጋሹ አከርካሪው ይነካል?

አከርካሪ አይነካም። ይህ ፍርሃት ብዙ ወንድሞችን አስቀርቷል፣ ስለዚህ ረጋ ብለን እንናገረው። መቅኔው የሚወሰደው ከኋላ በኩል፣ ከቀበቶ በታች ካለው የዳሌ አጥንት ነው። ለጋሹ ሙሉ ማደንዘዣ ወስዶ ይተኛል፤ በወፍራም መርፌ ከለጋሹ ክብደት በኪሎ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ይቀዳል። ለጥቂት ቀን ወገቡን ይከብደዋል፤ መቅኔው በሳምንታት ውስጥ ይተካል። ሁለተኛው መንገድ መርፌ ወደ አጥንት አያስገባም፤ ለአራት ወይም ለአምስት ቀን ጂሲኤስኤፍ የሚባል መድኃኒት በኪሎ 10 ማይክሮግራም ከቆዳ ሥር ይወጋል፣ ስቴም ሴሎቹ ከመቅኔ ወጥተው ወደ ደም ይገባሉ፣ ከዚያ በክንድ ሥር በማሽን ተለይተው ይሰበሰባሉ። በእነዚያ ቀናት አጥንት ይቆረጥመዋል፤ ፓራሲታሞል ያስታግሰዋል። የሚፈለገው በታማሚው ክብደት በኪሎ ቢያንስ 2 ሚሊዮን ስቴም ሴል ነው።

ከባዱ ነገር በታማሚው በኩል ነው። መጀመሪያ የራሱ የታመመ መቅኔ በኬሞ፣ አንዳንዴም በጨረር ይጠፋል። ከዚያ የለጋሹ ሴል ልክ እንደ ደም ከረጢት በሥር ይንጠባጠባል፤ ቢላዋ የለበትም። ሴሎቹ መንገዳቸውን ራሳቸው አግኝተው አጥንት ውስጥ ይገባሉ። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ድረስ ግን ሰውየው ነጭ የደም ሴል የለውም ማለት ይቻላል፤ ቀላል ጉንፋን እንኳ ሊገድለው ይችላል። መያዙ የሚታወቀው ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ ሴል ለሦስት ተከታታይ ቀን ከ500 በላይ ሲቆጠር ነው።

ምን ይበላሻል? አንደኛው ኢንፌክሽን ነው። ሁለተኛው የለጋሹ ሴል የታማሚውን ሰውነት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲያጠቃው ነው፤ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ሽፍታ፣ የማያቋርጥ ተቅማጥ፣ የዓይን ቢጫ መሆን ከታየ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። ሦስተኛው አዲሱ መቅኔ አልይዝ ማለቱ፣ አራተኛው ካንሰሩ መመለሱ ነው። ለዚህ ነው የመጀመሪያውን 100 ቀን ከሆስፒታሉ አጠገብ መቀመጥ የሚያስፈልገው፤ ብዙ ቤተሰብ በጀቱ ውስጥ የሚዘነጋውም ይህንኑ የቤት ኪራይና ለወራት የሚወሰደውን የመድኃኒት ዋጋ ነው። ጥሬ ሥጋ፣ ያልፈላ ወተት፣ አይብና ያልፈላ ውኃ ክልክል ናቸው። ጠበል መጠጣት የሚፈልግ ሰው መቼ እንደሚፈቀድለት ሐኪሙን በግልጽ ይጠይቅ፤ ሰውየው ሳይጠይቅ ደብቆ ከሚጠጣ ተነጋግሮ መጠበቁ ይሻላል። የልጅነት ክትባቱም በአብዛኛው ስለሚጠፋ ከወራት በኋላ እንደ አዲስ ይጀመራል።

ከቤተሰብ ማን ይስማማል?

ከአንድ እናትና አባት የተወለደ እያንዳንዱ ወንድም ወይም እህት ሙሉ በሙሉ የመስማማት ዕድሉ 25 በመቶ ነው። ቤተሰቡ ሰፋ ካለ ዕድሉ ይጨምራል፤ አምስት ወንድምና እህት ላለው ሰው ቢያንስ አንድ የሚስማማ የማግኘት ዕድል 76 በመቶ ገደማ ይደርሳል። የደም ዓይነት አንድ መሆን ግዴታ አይደለም፤ የሚታየው ኤችኤልኤ የሚባለው ምርመራ ነው። እናት፣ አባትና ልጅ በግማሽ ይስማማሉ፤ ዛሬ በግማሽ መስማማትም ይሠራል።

አንድ ነገር አደራ። መቅኔው ለደረቀበት ታማሚ ደም ሲያስፈልግ ቤተሰብ ተሯሩጦ ይሰጣል፣ ይህ ያገራችን ደግነት ነው። ነገር ግን ነገ መቅኔ ሊሰጥ የሚችል ወንድም ወይም እህት ደሙ በቀጥታ ለዚያው ታማሚ እንዳይገባ ለሐኪሙ ንገሩ። የታማሚው ሰውነት የወንድሙን ደም አስቀድሞ ከለመደና ከጠላው፣ መቅኔው ሲመጣ ሊጥለው ይችላል። ዘመድ ለደም ባንክ ይስጥ፤ ለታማሚው ከሌላ ሰው የተገኘ ይግባ።

የደም ካንሰር ሁሉ ንቅለ ተከላ ያስፈልገዋል?

አያስፈልገውም። ሲኤምኤል የተባለው ዓይነት ከ2001 ጀምሮ ኢማቲኒብ በሚባል እንክብል ለዓመታት ይያዛል፤ ከዚያ በፊት ንቅለ ተከላ ዋና ተስፋው ነበር። ስለዚህ “የደም ካንሰር” የሚል ወሬ ይዛችሁ ገንዘብ ማሰባሰብ ከመጀመራችሁ በፊት ዓይነቱን በወረቀት አስጽፉ።

ዓይኔ ውስጥ ኖራ ገብቶ ጠፍቷል። ስቴም ሴል ይመልሰዋል?

የዓይን ጥቁሩና ነጩ በሚገናኙበት ጠርዝ ዙሪያውን እንደ ቀለበት የዞረ የስቴም ሴል መደብ አለ። የዓይን ብሌንን፣ ማለትም ፊት ለፊት ያለውን ጥርት ያለ መስታወት፣ ሽፋኑን በየጊዜው የሚተካው ይህ ቀለበት ነው። የግንባታ ኖራ፣ ሲሚንቶ፣ በረኪና ወይም የባትሪ አሲድ ሲገባ ቀለበቱ ይቃጠላል። ከዚያ የነጩ ሥጋ ድንበሩን ጥሶ ደም ሥሮቹን እየጎተተ መስታወቱን ይሸፍነዋል። በዚህ ዓይን ላይ ከሟች የተለገሰ ብሌን ብቻውን ቢተከል አይዘልቅም፤ የሚያለብሰው ሽፋን የሚያመርት የለምና።

ስለዚህ የመጀመሪያው የስቴም ሴል ሕክምና ውኃ ነው። ይህን ስንል ከልባችን ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚፈስ ንጹሕ ውኃ በኋላ በሚሊዮን ብር የማይገዛውን ቀለበት ያተርፋል። ሰውየውን በተጎዳው ዓይን በኩል ጋደም አድርጉት፣ ውኃው ወደ ደህናው ዓይን እንዳይሄድ። አንድ ሰው የላይና የታች የዓይን ቆቡን በጣቱ ይክፈት፤ ሌላው በማንቆርቆሪያ ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጭ ያለማቋረጥ ያፍስስ፣ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ። አንድ ጀሪካን ካለቀ ሌላ ይምጣ። የላይኛውን የዓይን ቆብ ገልብጣችሁ የተጣበቀ የኖራ ቅንጣት ካለ በእርጥብ ጨርቅ ጫፍ አንሱት፤ እዚያ የተረሳ ትንሽ ቁራጭ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃጥል ያድራል። ሎሚ፣ ወተት፣ ማር፣ የቅጠል ጭማቂ አይጨመርበት። ኖራ ከአሲድ ይከፋል፤ የሴሉን ስብ ወደ ሳሙና ለውጦ እያቀለጠ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። በደጋው ለአሲዳማ አፈር የሚበተነው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ከተቃጠለው የግንባታ ኖራ ይለሰልሳል፤ እሱም ቢሆን ከገባ ይታጠብ፣ ስትበትኑም ጀርባችሁን ለነፋስ ስጡ። ከታጠበ በኋላ በዚያው ቀን ወደ ዓይን ክፍል።

ቀለበቱ ከጠፋ በኋላስ? አንድ ዓይን ብቻ ከተጎዳ ጥሩ ተስፋ አለ። አውሮፓ በ2015 ሆሎክላር የተባለውን ሕክምና ፈቅዳለች፤ ከደህናው ዓይን ጠርዝ ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ በላቦራቶሪ ተባዝቶ ይመለሳል። ውድ ነው። በ2012 ደግሞ የህንድ ሐኪሞች ላቦራቶሪ የማይፈልግ ዘዴ አሳተሙ። ከደህናው ዓይን ጠርዝ 2 በ2 ሚሊ ሜትር የምታህል ቁራጭ ይነሳል፤ የጤፍ ፍሬ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ ስፋቷ ይገባችኋል። ከ8 እስከ 10 ቦታ ትከተፋለች። የተጎዳው ዓይን ፊቱ ተጠርጎ ከእንግዴ ልጅ ሽፋን የተሠራ ስስ ገለፈት ይለብሳል፤ ቁርጥራጮቹ በላዩ ላይ ዙሪያውን በልዩ ሙጫ ይለጠፋሉ። በአንድ ቀን፣ በአንድ የቀዶ ጥገና ክፍል ያልቃል። ሴሎቹ በሳምንታት ውስጥ ተስፋፍተው ይገናኛሉ።

የማይሳካው መቼ ነው? ዓይኑ ገና ቀልቶ እያበጠ ሳለ ከተቸኮለ፣ እንባ የሌለው ደረቅ ዓይን ከሆነ፣ የዓይን ቆቡ በደንብ የማይዘጋ ወይም ፀጉሩ ወደ ውስጥ የሚወጋ ከሆነ። እነዚህ አስቀድመው መታረም አለባቸው፤ ብዙ ጊዜ ወራት ይጠበቃል። ሁለቱም ዓይን ከጠፋ ከዘመድ ሊወሰድ ይችላል፣ ግን የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት አብሮ ይመጣል። ጃፓን ውስጥ የኦሳካ ሐኪሞች በአይፒኤስ የተሠራ የብሌን ሽፋን በአራት ታማሚዎች ላይ ሞክረው ውጤቱን በ2024 አውጥተዋል፤ ሦስቱ በደንብ ተሻሽለዋል።

ለትራኮማና ለዝሆኔስ?

ለሁለቱም ስቴም ሴል አትጠብቁ። በትራኮማ፣ በዓይን ማዙ፣ ብሌን የሚጠፋው የተቆለመመው ፀጉር ቀን ከሌት ስለሚፍቀው ነው። የዓይን ቆቡን የሚያቀናው ቀላል ቀዶ ጥገና በጤና ጣቢያ ይሠራል፤ ጠባሳው ሳይጠልቅ መሄድ ነው። ፀጉሩን በወረንጦ መንቀል ለጊዜው እንጂ አያዛልቅም።

ዝሆኔ በቀይ አፈር ደጋ በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣ ነው፤ ጥቃቅን የአፈር ማዕድን በቆዳ ገብቶ የሊምፍ ቱቦውን ያጠነክረዋል። መድኃኒቱ በእጃችን ነው፤ በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ በጣቶቹ መሐል ሳይቀር ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ ማሰር፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግና የተሸፈነ ጫማ። ሕፃናቱ ጫማ ካደረጉ በሽታው አይጀምራቸውም።

የስኳር በሽታ ዳነ የሚባለው እውነት ነው?

ጅማሮው እውነት ነው። በ2024 የቻይና ተመራማሪዎች ቲያንጂን ውስጥ ዓይነት አንድ ስኳር ያለባት የ25 ዓመት ሴት ከራሷ ሴል የተሠራ ኢንሱሊን አመንጪ ሴል በሆዷ ጡንቻ ሽፋን ሥር ተተክሎላት ከ75 ቀን በኋላ ኢንሱሊን ማቆሟን አሳትመዋል። ሲነገር የሚቀረው ግን ይህ ነው፤ ሴትየዋ ቀድሞ ጉበት ተተክሎላት ስለነበር የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት እየወሰደች ነበር። በ2025 አሜሪካ ውስጥ ከወጣ ጥናትም ከስቴም ሴል የተሠራ ኢንሱሊን አመንጪ ሴል ሙሉ መጠን ከወሰዱ 12 ሰዎች 10ሩ በዓመቱ ኢንሱሊን አቁመዋል፤ በዚያው ጥናት ግን ከተሳታፊዎች አንዱ መከላከያው በተዳከመ ሰው ላይ በሚበረታ የማጅራት ገትር ሞቷል። ኢንሱሊን የሚወጋ ልጅ ያላችሁ፣ ይህን ሰምታችሁ አንድ ቀን እንኳ መርፌውን አታስቀሩ። የዓይነት ሁለት ስኳር ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ እነዚህ ጥናቶች ስለ እሱ አልነበሩም።

ኤች አይ ቪንስ?

በ2007 በርሊን ውስጥ ቲሞቲ ሬይ ብራውን የተባለ ሰው የደም ካንሰር ይዞት መቅኔ ሲተከልለት፣ ለጋሹ ቫይረሱ የሚገባበትን በር በተፈጥሮው ያጣ ሰው ስለነበር ቫይረሱም አብሮ ጠፋ። ከእሱ በኋላም ጥቂት ሰዎች እንዲሁ ሆነዋል። ሁሉም ግን ለካንሰር ብለው ያን ከባድ ሕክምና የተቀበሉ ናቸው። የዕለት መድኃኒቱን እየወሰደ ደህና ያለን ሰው ለዚህ ማጋለጥ ተገቢ አይደለም።

“ስቴም ሴል” የሚል እንክብልና ዱቄት በሰው በሰው ይሸጣል። ይጠቅማል?

አይጠቅምም። ሕያው ስቴም ሴል ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወጥቶ በክፍል ሙቀት ብዙ ሰዓት አይቆይም። በኪስ ተይዞ ከባሕር ዳር ሞጣ የደረሰ እንክብል ውስጥ ሕያው ሴል የለም። ቢኖርም ጨጓራ እንደ ማንኛውም ሥጋ ይፈጨዋል። ከፖም ወይም ከወይን የተወሰደው የተክል ሴል ደግሞ የሰው አካል አይሆንም። ዋናው ጉዳት ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒቱን አቁሞ ይህን የሚውጥ ሰው ኩላሊቱን ሊያጣ ይችላል። ለጉልበትና ለፀጉር የሚወጋው ፒአርፒም ስቴም ሴል አይደለም፤ ከራስ ደም የተለየ ፕላትሌት፣ ደም የሚያረጋው ክፍል፣ ነው።

ውጭ አገር “ሁሉንም በሽታ እናክማለን” የሚል ክሊኒክ አገኘን። ምን እንጠይቅ?

ለአውቲዝም፣ ለሽባነት፣ ለኩላሊትና ለዓይን አንድ ዓይነት ሴል የሚሰጥ ቤት ካያችሁ ውጡ፤ እርሾው ቤት ለቤት ይለያያል ብለናል። ሴሉ ከየት ነው የተወሰደው? ስንት ነው? በምን መንገድ ይሰጣል? የትኛው የመንግሥት ተቆጣጣሪ ለዚህ በሽታ ፈቀደ? ሙከራ ከሆነ የምዝገባ ቁጥሩ ስንት ነው? በእውነተኛ ምርምር ውስጥ ታማሚው ለሙከራው ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም።

ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2015 ፍሎሪዳ ውስጥ ሦስት ሴቶች እያንዳንዳቸው 5,000 ዶላር ከፍለው ከሆዳቸው ስብ የተወሰደ ሴል በሁለቱም ዓይናቸው ተወግተው ማየት አቃታቸው። ሁለቱንም ዓይን በአንድ ቀን መውጋት ራሱ ሐኪም የማያደርገው ነው። ወደ እኛ የሚቀርብም አለ። በ2011 ስቶክሆልም በሚገኘው ካሮሊንስካ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ፓውሎ ማኪያሪኒ የተባለ ቀዶ ሐኪም፣ አይስላንድ ይማር ለነበረ ኤርትራዊ በራሱ መቅኔ ሴል የተለበጠ የፕላስቲክ አየር ቧንቧ ተከለለት። ዓለም ሁሉ አጨበጨበ። ሴሉ ፕላስቲኩን አላለበሰም፤ ሰውየው ብዙ ተሠቃይቶ በ2014 ሞተ። በ2023 የስዊድን ይግባኝ ፍርድ ቤት በማኪያሪኒ ላይ የሁለት ዓመት ተኩል እስራት ፈረደ። ትልቅ የሆስፒታል ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ሽል ይገደላል የሚባለውስ? ለአማኝ ሰው ያስቸግራል።

በ1998 የተጀመሩት የሰው ሽል ሴሎች የመጡት ለመካን ሕክምና በላቦራቶሪ ተፀንሰው ከተረፉ የአምስት ቀን ገደማ ሽሎች ነው፤ ሽሉ ከዚያ በኋላ አይቀጥልም። ይህ የሚያሳስበው ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ቢመክር ተገቢ ነው። መቅኔ፣ ቆዳ፣ የዓይን ጠርዝና አይፒኤስ ግን ሽል አይነኩም። ሐኪሙን “ይህ ሴል ከየት ነው?” ብሎ መጠየቅ መብት ነው።

የእትብት ደም እናስቀምጥ?

በ1988 ፓሪስ ላይ የመጀመሪያው የእትብት ደም ንቅለ ተከላ ተሳክቷል፤ ጥቅሙ እውነት ነው። ነገር ግን ከአንድ እትብት የሚገኘው ትንሽ ስለሆነ ለአዋቂ ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ለራስ ልጅ ብሎ በክፍያ ማስቀመጥም የመጠቀም ዕድሉ አነስተኛ ነው። ዛሬ ለእያንዳንዷ ወላድ የሚቻለው ሌላ ነው። ሕፃኑ ደህና ከሆነ እትብቱ ከመቆረጡ በፊት ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ያ ደም ወደ ሕፃኑ ገብቶ በመጀመሪያ ወራቱ ከደም ማነስ ይጠብቀዋል። አዋላጇን አስቀድማችሁ ንገሯት።

ቀጥሎ ምን ይመጣል?

የእጅ መንቀጥቀጥ በሚያመጣው ፓርኪንሰን በ2025 ሁለት ጥናቶች ወጥተዋል፤ በኪዮቶ ሰባት፣ በሰሜን አሜሪካ አሥራ ሁለት ሰዎች አእምሯቸው ውስጥ ከስቴም ሴል የተሠራ ሴል ተተክሎላቸው ዕጢ ሳያበቅል ቆይቷል። የብዙዎች ምልክት ተሻሽሏል፤ የሰዎቹ ቁጥር ግን ገና ትንሽ ነው። በ2023 መጨረሻ ካስጌቪ የተባለው፣ የታማሚውን የራሱን የደም ስቴም ሴል ጂን አርሞ የሚመልስ ሕክምና ሲክል ሴል ለሚባለው በዘር ለሚተላለፍ የደም በሽታ ተፈቅዷል፤ ዋጋው 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። ጋሬጣው ሁለት ነው፤ አንዱ ይህ ዋጋ፣ ሌላው ዕጢ። ሁሉንም መሆን የሚችል ሴል ሳይበስል ከተተከለ ፀጉርና ጥርስ ያለበት ዕጢ ሊሠራ ይችላል። በ2014 ኮቤ ላይ በአይፒኤስ የመጀመሪያዋ የዓይን ታማሚ ከታከመች በኋላ፣ ለሁለተኛው የተዘጋጀው ሴል የጂን ለውጥ ስለተገኘበት ሥራውን አቁመዋል። እንዲህ የሚያቆም ሐኪም ነው የሚታመነው።

ለንቅለ ተከላ ውጭ ሂዱ ተብለናል። ከጎጃም ምን ይዘን እንውጣ?

ከደብረ ማርቆስ፣ ከፈለገ ሕይወት ወይም ከጥበበ ጊዮን ሆስፒታል የሪፈር ወረቀቱን ያዙ፤ ከሱ ጋር የመቅኔ ናሙናውን ስላይድ ራሱን ለምኑ፣ የውጤት ወረቀት ብቻ አይበቃም፤ ውጭ ያለው ሐኪም በራሱ ማይክሮስኮፕ ማየት ይፈልጋል። ካለ በሰም የተቀመጠውን ናሙናም ጨምሩ። እስካሁን የገባው የደም ከረጢት ብዛትና ቀን፣ የተወሰደው የኬሞ ስምና መጠን፣ የጉበት ቫይረስና የኤች አይ ቪ ውጤት ይጻፍ። ወንድምና እህት ሁሉ ከመጓዛቸው በፊት የኤችኤልኤ ናሙናቸው ይሂድ፤ የማይስማማ ሰው ቲኬት ተቆርጦለት ሄዶ መመለሱ የብዙ ቤተሰብን ገንዘብ ጨርሷል። ወረቀቱን ሁሉ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ለሁለት ዘመድ ላኩ፤ ዋናውን በፕላስቲክ አድርጋችሁ በእጅ ቦርሳ ያዙ፣ ከሻንጣ ጋር አትጫኑት።